የካብ አጥርና አጸድ፦ የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች በታሪክ መዝገብ

ከአርብ ገበያ በየትኛውም አቅጣጫ የወጣ ሰው፣ በታች ጋይንትም ሆነ በስማዳና በእስቴ፣ ከታረሰው መሬት መካከል ጠቆር ያሉ የዛፍ ደሴቶችን ያያል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ሎል ተቃቅፈው የቆሙበት ይህ አጸድ በመካከሉ ደብር አለው። በዞኑ እንዲህ ያሉት ደኖች ከ1,000 በላይ ናቸው፤ የአንዱ ስፋት በአማካይ 5 ሄክታር ገደማ ነው።

ስለ አመጣጣቸው በብዛት የሚሰማው፣ አገሩ ድሮ ሁሉ ደን እንደ ነበረና እነዚህም የዚያ ትራፊ እንደ ሆኑ ነው። «በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው አባባል ለዚህ ማስረጃ ተደርጎ ሲጠቀስ ኖሯል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ግን ቁጥሩ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከሪፖርት ወደ ሪፖርት የተላለፈ እንጂ በልኬት የተረጋገጠ አለመሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ከሰነዱ መነሣት ይሻላል።

ለአካባቢው ከሚገኙት ቀደምት ሰነዶች ዋነኛው ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶግራፎች ናቸው። ፎቶዎቹ በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው አዲስ አበባ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት መጋዘን ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ተቀምጠው ነበር። የቤልጅጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ምሁር ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ሲያሰባስቧቸው ሰሌዳዎቹ 8,281 ሆነው ተገኙ። በአንዱ ሰሌዳ ላይ አራት ምስሎች አሉ፦ አንዱ ቀጥታ ከላይ ወደ ታች፣ ሁለቱ ወደ ግራና ቀኝ ዘንበል ተብሎ፣ አራተኛው አድማሱ እስኪታይ ድረስ ርቆ የተነሣ። ለጦርነትና ለግዛት የተነሣው ፎቶ ዛሬ የዛፍ ታሪክ ምስክር ሆኗል።

ፒተር ስካልና ባልደረቦቹ የ1938 እ.ኤ.አ. ፎቶዎችን ከኋለኛ ዘመን የሳተላይት ምስሎች ጋር አነጻጽረው በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት የተለመደውን ትረካ የሚያርም ነው። ያን ጊዜም መሬቱ በብዛት የታረሰ ነበር፤ የደብሮቹ ደኖችም በዚያው ቦታቸው ቆመው ይታያሉ። ብዙዎቹ አልጠበቡም፤ ከፊሎቹ እንዲያውም ሰፍተዋል፣ ለዚህም የባሕር ዛፍ ተከላ ድርሻ አለው። ይልቅስ የጠፋው በደኑና በእርሻው መካከል የነበረው ቁጥቋጦ ነው። አጸዱ ቆሞ ልብሱ ተገፈፈ።

ሁለተኛው ሰነድ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አዋጁ ቤተ ክርስቲያን በእርሻ መሬት ላይ የነበራትን መብት አነሣ፤ አጸዱ ግን በሰበካው እጅ ቆየ። በአንጻሩ በሰሜን ሸዋ መንዝ የጓሳን ሣርና አውሬ ሲጠብቅ የኖረው ቄሮ የተባለው የጥበቃ ሥርዓት በመሬት መብት ላይ የቆመ ስለ ነበር በዚያው አዋጅ ማግስት ፈረሰ፤ ነዋሪው ኋላ በኮሚቴ መልሶ እስኪያቋቁመው ድረስም ጓሳ ጠባቂ አጣ። የጎንደር አጸድ እንዲህ ያለ መቋረጥ ያልገጠመው ጥበቃው በመሬት መብት ላይ ሳይሆን በታቦቱ ክብር ላይ የቆመ በመሆኑ ይመስለኛል። ከቤተ መቅደሱ ግድግዳ ጀምሮ እስከ 40 ክንድ ያለው ዙሪያ የተቀደሰ ነው የሚለው ትውፊት ዛፉን ከመጥረቢያ ጠበቀው። ለወፉና ለጦጣው ተብሎ የወጣ ደንብ አልነበረም፤ ታቦቱ ሲከበር እነሱም በጥላው ተጠለሉ።

ይሁን እንጂ ክብር ከብትን አይከለክልም። ይህን በልኬት ያሳዩት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው፤ ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» ልብ ወለዳቸው ያውቃቸዋል። በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ በ2007 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 አጸዶችን የዳሰሰ ሲሆን፣ 168 እንጨታማ የዕፅዋት ዝርያዎች ተመዝግበዋል። በአጥር ከብት በተከለከለበት ቦታ ችግኝ በዝቶ በቀለ፤ ከብት በሚገባበት ግን ዘሩ ወድቆ ይቀራል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ተተኪ የለም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ነገር የሕዝብ ቅስቀሳ ታሪክ ነው። ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የዛፍ ጫፍ ሥነ ሕይወት ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱን ሰብስበው የደብሮቻቸውን የሳተላይት ፎቶ አሳዩአቸው። ካህናቱ የመረጡት መፍትሔ የካብ አጥር ነበር። ድንጋዩን ከእርሻው የለቀመው ገበሬ ለማረሻው መሬት አገኘ፤ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። ለግንባታው ከውጭ ገንዘብ ቢመጣም ውሳኔው፣ ድንጋዩና ጉልበቱ የሰበካው ነበር። ዣራና ደብረ ሰና ቀድመው ከታጠሩት መካከል ናቸው።

ካቡ ግን ከውጭ የሚመጣውን እንጂ ከውስጥ ያለውን አይከለክልም። ካትሪን ካርዴሉስና ባልደረቦቿ በ44 አጸዶች ላይ አካሂደው በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ ጉዳቱ መንገድ፣ መቃብር፣ ምንጣሮና ባሕር ዛፍ ሆኖ በአጸዱ ውስጥም እንዳለ አሳይቷል። ባሕር ዛፉ ለደብሩ ገቢ ነው፤ መቃብሩም የምእመኑ መብት ነው፤ ሁለቱንም በአዋጅ ማስቆም አይቻልም።

ከመዝገቡ የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው፦ በዚህ አገር ደን የቆየው የመንግሥት ሕግ በጠነከረበት ሳይሆን ጠባቂው ከቦታው ጋር የታወቀ ትስስር በነበረው ሥፍራ ነው። ካቡም የተሳካው ይህን ትስስር ሳይተካ ስላገዘው ነው። የመቃብሩ ቦታ የት ይሁን፣ ባሕር ዛፉ ከጽዱ ምን ያህል ይራቅ የሚለውን ጥያቄም መቁረጥ ያለበት ሰበካ ጉባኤው ነው፤ የአጥሩን ውሳኔ የወሰኑት ያው ካህናትና ምእመናን ናቸውና።