ጎንዶር፣ ጎንደር እና የአክስቴ ሠርግ ካሴት

የዛሬው ወሬያችን ስለ ሳጥን ነው። ፊልም የሚቀመጥበት ሳጥን። ከአሽዶድ ነው የምቀዳው፤ ሙቀት ስለሆነ መስኮቱን መዝጋት አልቻልኩም፤ አውቶቡስ ሲያልፍ ከሰማችሁ ይቅርታ።

ትንሽ ልጅ እያለሁ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሳሎን ቁጭ ብሎ «የቀለበቶቹ ጌታ»ን ያያል፣ ያው እኛ «ሳር ሃታባኦት» የምንለውን። አያቴ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች። ከቴሌቪዥኑ «ጎንዶር፣ ጎንዶር» የሚል ነገር ሲደጋገምባት ቢላዋዋን እንደያዘች መጣችና «ጎንደር ምን ሆነች?» አለች። ወንድሜ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከተራራ ጋር የተጣበቀ የድንጋይ ከተማ፣ ግንብ፣ ፈረሰኛ አየች፤ ቁጭ አለች። ትንሽ ቆይታ «ይሄ የፋሲል ግንብ አይደለም፤ የፋሲል ግንብ እንዲህ አይነጣም» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ለነገሩ «ጎንዶር» ቶልኪን ራሱ በፈጠረው ቋንቋ «የድንጋይ አገር» ማለት ነው። ቃሉን ለአያቴ ስነግራት «ታዲያ የኛስ ምን ሆነና!» አለች። እዚህ አገር ከቶልኪን ጋር ያለን ዝምድና ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግብፅ ውስጥ ታስረው የነበሩ እስራኤላውያን አብራሪዎች «ሆቢት»ን እዚያው እስር ቤት ቁጭ ብለው ወደ ዕብራይስጥ ተረጎሙት፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ ጓደኞቻቸው እንዲያነቡት ብለው። ትርጉማቸው በ1977 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ይሄ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ወደ ሳጥኑ። የፒተር ጃክሰን የመጀመሪያው ፊልም ሲኒማ የገባው በታኅሣሥ 2001 ነው፤ ርዝመቱ 178 ደቂቃ። በነሐሴ 2002 በዲቪዲ ወጣ። ሰዉ ገዛ። ከዚያ በኅዳር 2002፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ ያው ፊልም እንደገና ወጣ፤ አሁን ግን 208 ደቂቃ፣ አራት ዲስክ፣ እንደ ድሮ ቆዳ የተለበጠ መጽሐፍ የሚመስል አረንጓዴ ሳጥን ውስጥ። ሰዉ እንደገና ገዛ። በ2003 ቀዩ መጣ፣ «ሁለቱ ማማዎች»፣ 223 ደቂቃ። በ2004 ሰማያዊው፣ «የንጉሡ መመለስ»፣ 251 ደቂቃ። ሦስቱ ሲደመሩ 682 ደቂቃ፣ ማለትም አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ። ወንድሜ ይሄን በአንድ ቀን አየሁ ብሎ እስከ ዛሬ ይኮራል። እኔ አላምነውም፤ መሀል ላይ እንደሚተኛ አውቃለሁ።

(አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋ የሚሸጠው ዲስክ በፓል ሲስተም ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ሥዕል ነው የሚቀረጸው፣ ፓል ግን 25 ያሳያል። ስለዚህ እዚህ ቤታችን ያየነው ፊልም ከአሜሪካው በትንሹ ፈጠን ይላል፤ 208ቱ ደቂቃ ወደ 200 ይወርዳል። ድምፁም ቀጠን ይላል። የኛ ጋንዳልፍ የሚቸኩል ጋንዳልፍ ነበር።)

በጣም ለሚወዱት ደግሞ ከሳጥኑ የበለጠ ሳጥን ነበረ። የመጀመሪያው ፊልም መጽሐፍ ግራና ቀኝ ደግፈው ከሚይዙ ሁለት የነገሥታት ሐውልቶች ጋር ይሸጥ ነበር፤ ሁለተኛው ከጎለም ሐውልት ጋር፤ ሦስተኛው ከሚናስ ቲሪት፣ ማለት ከዚያች ከነጯ ከተማ፣ ትንሽ ሞዴል ጋር። እኛ ቤት ሐውልት አልነበረም፤ ተራው ሳጥን ብቻ ነበር፣ እሱም ወንድሜ በበጋ እረፍት ሠርቶ ባገኘው።

አሁን ሰዎች ለምን ሁለት ጊዜ ገዙ? ነጋዴው ስላታለላቸው ነው የሚል መልስ አለ፣ ትንሽ እውነትም አለበት። በ2006 ሌላ ቅጂ መጣ፣ በ2011 በብሉሬይ 15 ዲስክ፣ በ2016 በጣም ውድ ሆኖ ብዙ አድናቂዎች የተቆጡበት ትልቅ ሳጥን፣ በ2020 ደግሞ ፎርኬ። ያው ፊልም ነው። ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳጥኖች ከነዚህ ጋር አልደምርም። እነሱ ውስጥ ሲኒማ ቤት ያልታየ ነገር ነበረ። የሳሩማን አሟሟት ከሲኒማው ቅጂ ወጥቶ ነበር፤ ተዋናዩ ክሪስቶፈር ሊ ሲቆረጥ በጣም አዝኗል፤ ሰማያዊው ሳጥን መለሰለት። ቦሮሚርና ፋራሚር፣ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ አባታቸው አንዱን እንዴት እንደሚያበላልጥ የሚታይበት ትዕይንት ቀዩ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ያለሱ ፋራሚርን አትረዱትም። ሁለቱ ተጨማሪ ዲስኮች ደግሞ የአሠራሩ ታሪክ ናቸው፤ ሰይፉን ማን ቀጠቀጠ፣ የሰንሰለት ልብሱን ቀለበት በቀለበት ማን ሰካ። ጫማ ሠሪው ሳይቀር ቀርቦ ያወራል።

እና መጨረሻ ላይ ስም አለ። ይሄን ልብ በሉልኝ። የፊልሙ ኦፊሴላዊ ክለብ አባላት ስም፣ ፊልሙን ያልሠሩ፣ ዝም ብለው የወደዱት ሰዎች፣ መጨረሻው ላይ በሙዚቃ ይወርዳል፤ በመጀመሪያው ፊልም ወደ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስም! ማንም አያየውም። ግን ማንም አልቆረጠውም።

[አጭር ሙዚቃ]

እሺ፣ ሁለተኛው ሳጥን። ይሄኛው ካርቶን ነው፣ የብርቱካን ካርቶን፣ ከእናቴ አልጋ ሥር። ውስጡ ቪኤችኤስ ካሴቶች አሉ። የእናንተም ቤት እንዲህ ያለ ካርቶን እንዳለ እገምታለሁ፣ ወይም ነበረ።

ቤተሰቦቼ የመጡት በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው፤ በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ የመጣበት። ሻንጣ አልነበረም፤ ፎቶ ራሱ የያዘ ጥቂት ነው። ስለዚህ የብዙዎቻችን ቤት የቤተሰብ መዝገብ የሚጀምረው እዚህ ከመጡ በኋላ በተገዛው ቪዲዮ ነው። ሠርግ፣ ሲግድ፣ ተዝካር። ደግሞም ካሴቱ እዚሁ አይቀርም። ይባዛል፣ ወደ ጎንደር ይላካል፣ እዚያ ተራቸውን ለሚጠብቁ ዘመዶች። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ካሴት ከመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ የነሱ ሲስተም ኤንቲኤስሲ፣ የኛ ፓል፣ ሁለቱንም የሚያነብ ማጫወቻ ከሌላችሁ ሥዕሉ እየተገለባበጠ ይሮጣል። እናቴ ያንን እየተገለባበጠ የአጎቷን ልጅ ሠርግ ጨርሳ አይታዋለች።

ከቪኤችኤስ በኋላ ቪሲዲ መጣ። አንዱ ዲስክ የሚይዘው ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ስለሆነ የአማርኛ ፊልም በሁለት ዲስክ ይመጣ ነበር፤ ልክ ልጅቱ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ «ዲስኩን ቀይሩ»። አዲስ አበባ ያሉ ፊልም ሠሪዎች ሥራቸው በሳምንቱ እየተባዛ ስለሚሸጥባቸው ወደ ዲስክ ለማውጣት ይፈሩ ነበር። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410፣ የወጣው በ2004 ነው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1996። ሕጉ ወጣ፣ ማባዛቱ ግን እዚያው ቀጠለ። እውነቱን እንነጋገር፣ እዚህ የእኛ ቤት የነበረውም የተባዛው ነው፤ ሽፋኑ ፎቶኮፒ፣ ስሙ በእስክሪብቶ።

ካርቶኑ ውስጥ የአክስቴ ሠርግ አለ፣ 1998፣ አሽዶድ። ሦስት ካሴት፣ ወደ ሰባት ሰዓት። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ኮምፒውተር ላስገለብጠው ወሰንኩ። አጣዳፊ ነበር፤ ቪኤችኤስ ማጫወቻ መሥራት የቀጠለው የመጨረሻው የጃፓን ኩባንያ ያቆመው በ2016 ነው፤ ቴፑ ራሱ ደግሞ ፕላስቲክ ላይ የተለጠፈ የማግኔት ዱቄት ነው፣ የባሕር ዳር እርጥበት አይወድም። ወደ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፣ ቀናም ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፍላሽ ሰጠኝና «አሳጥሬልሻለሁ፣ አሰልቺውን አውጥቼ ሙዚቃ ጨምሬበታለሁ፣ በነጻ» አለኝ። ሃምሳ ደቂቃ።

ቅዳሜ ማታ ሁላችንም ተሰብስበን አየነው። ጭፈራ፣ እስክስታ፣ ኬክ፣ ጭፈራ። ቆንጆ ነው። ሲያልቅ እናቴ ዝም አለች። ቀጥላ «የአባባ ምርቃትስ?» አለች። አያቴ ደግሞ «ሰላምታውስ?» አለች።

ሰላምታው ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ካሜራ ያዡ በየጠረጴዛው ሲዞር እያንዳንዱ ሰው እየተነሣ ስሙን፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው መንደር እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ ጎንደር ላለው ሰው ሰላምታ ይልካል፤ እገሌ ሞተ፣ እገሊት ወለደች፣ አይዞሽ ትመጫለሽ። ካሴቱ የተቀረጸው ለዚያ ነበር። ጭፈራው እግረ መንገድ ነው። ለሱቁ ሰው ግን ሰዎች ቆመው የሚያወሩበት ሁለት ሰዓት፣ በማይሰማው ቋንቋ። እኔ ብሆንስ? እውነት ለመናገር እኔም ዕድሜዬ አሥራ አምስት ቢሆን እቆርጠው ነበር።

[አጭር ሙዚቃ]

እዚህ ጋ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ኃይሌ ገሪማ፣ በ1946 ጎንደር የተወለደ፣ በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዶ ፊልም የተማረ፣ ለብዙ ዓመት ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1974 ኢትዮጵያ ሄዶ በጥቁርና ነጭ ቀረጸ፣ የንጉሡ መንግሥት በወደቀበት ዓመት። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ገበሬ ሲያርስ ታያላችሁ፣ ረጅም ጊዜ። የሱቁ ሰው ቢያገኘው ሃያ ደቂቃ ያደርገው ነበር።

በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠራ፣ ስለ ባርነት። ቃሉ ከጋና ነው፣ ተመልሰህ የተውከውን አንሣ እንደማለት። በርሊን ፌስቲቫል ላይ ተወዳደረ፤ አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍልለት ኩባንያ አጣ። ስለዚህ እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አሳዩት። ሰዉ ተሰለፈ። በኋላ ደግሞ ዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት፣ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ፤ መጽሐፍና ቪዲዮ የሚሸጥበት፣ ስሙም ሳንኮፋ። ሌላው የማይሸጥላቸውን ካሴት በራሳቸው መደርደሪያ አስቀመጡት። የጃክሰንን ሳጥን አንድ ግዙፍ ኩባንያ ከነሐውልቱ በየአገሩ ያደርስለታል፤ የኃይሌ ሳጥን የሚደርሰው ኃይሌ ሱቁን ከከፈተ ብቻ ነው። «ሳንኮፋ» ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በ2021 ነው፤ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ።

ከሥራዎቹ አያቴን አጠገቤ አስቀምጬ ያየሁት «ጤዛ»ን ነው፣ የ2008ቱን። ለመሥራት አሥራ አራት ዓመት ፈጅቶበታል፤ ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር የሚባል ሰው ጀርመን ተምሮ፣ በደርግ ዘመን ተጎድቶ፣ ጣና አጠገብ ወዳለች መንደሩ ወደ እናቱ ይመለሳል። ትርጉም አላስፈለጋትም። እናትየዋ ስታወራ አያቴ ትመልስላት ነበር፣ ለቴሌቪዥኑ። ጎንዶር ላይ አንድ ደቂቃ ያልቆየችው ሴትዮ ይሄን ሁለት ሰዓት ከሃያ ሙሉ አየችው።

ወደ ካሴቱ ልመለስ። ደግነቱ ሰውየው ኦሪጅናሎቹን መልሶልኛል። ማጫወቻ ከሰው ገዛሁ፣ አሮጌ፣ ራሴ ማጽዳት ተማርኩ፣ እና አሁን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ሳይቆረጥ እገለብጣለሁ። የአባባ ምርቃት ሁለተኛው ካሴት ላይ ተገኘ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ እናቴ ሦስት ጊዜ አስደግማኛለች። ሦስተኛው ካሴት ግን ሻግቷል፤ ሥዕሉ አለ፣ ድምፁ በየቦታው ጠፍቷል። የጠፋው ደግሞ ሰላምታው ላይ ነው፤ ሰው ይነሣል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ፉጨት ብቻ።

ስለዚህ አያቴን ማይክሮፎን አስይዤ እያየች እንድታወራ አደረግኩ፣ ልክ ዳይሬክተሮች ዲቪዲው ላይ እንደሚያወሩት። «ይሄ የአጎትሽ ሚዜ ነው። ይቺ ሱዳን ላይ ሁለት ልጅ የቀበረች ናት። ይሄ፣ እሱን ተይው፣ ተበድሮን አልከፈለም።» እስካሁን አርባ ሦስት ሰው ስም አገኘን።

አንዷን ግን እሷም አላወቀቻትም። ነጭ ቀሚስ፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ፣ ግንባሯ ላይ ንቅሳት፣ ግራ እጇ ላይ ሰዓት አድርጋለች። ከሁሉም ረጅም የተናገረችው እሷ ናት፣ አራት ደቂቃ ገደማ፤ መጨረሻ ላይ ታለቅሳለች። ድምፁ የለም። ሥዕሏን ከዚህ ክፍል ሥር ማድረግ ፈልጌ ነበር፣ እናቴ ግን ቤተሰቧ ሳይፈቅድ አይሆንም አለችኝ፤ ልክ ናት። በ1998 አሽዶድ ሠርግ ላይ እንዲህ ለብሳ የነበረች እናት ወይም አያት ካለቻችሁ ጻፉልኝ። ካሴቱን አመጣላችኋለሁ፣ ማጫወቻውንም።