ቀሪ ዐቅም

ቀሪ ዐቅም ማለት አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ አዲስ በነበረበት ጊዜ ሊይዝ ይችል ከነበረው ኀይል ዛሬ ስንቱን ለመያዝ እንደሚችል በመቶኛ የሚገልጽ ልኬት ነው። የባሕር ማዶ መሐንዲሶች «ስቴት ኦቭ ኸልዝ» ይሉታል፤ ቃል በቃል ቢመለስ «የጤና ይዞታ» ይኾናል።

«የባትሪ ጤና» የሚለው አነጋገር ለጆሮ የሚጎረብጥ አይደለም። ነገር ግን ጤናው የተጓደለበት ሰው ታክሞ የሚድን፣ ወደ ቀደመ ኹኔታውም የሚመለስ ስለ ኾነ፣ ቃሉ ሰሚውን «የደከመ ባትሪም ሲያርፍ ይበረታል» ወደሚል ከንቱ ተስፋ ይመራዋል። «ዕድሜ» ብንለው ደግሞ፣ በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ኹለት መኪናዎች፣ አንደኛው በቆላ ሐሩር ሌላው በደጋ ብርድ ሲነዱ ኖረው፣ ዓመታቸው እኩል ሳለ ድካማቸው ሊለያይ እንደሚችል ይሰውርብናል። «ዐቅም» ግን በግእዝ ልክና ወሰን፣ በአማርኛም ችሎታ ማለት ስለ ኾነ፣ መለካትንና መቻልን በአንድነት ይዞ ይገኛል፤ «ቀሪ» የሚለውም ቅጽል የሄደው የማይመለስ መኾኑን ያስታውሳል።

ይህን ቃል ከቅርብ ዘመዱ ከ«መጠነ ሙላት» መለየት ይገባል። ነጂው ጧትና ማታ በመኪናው ሰሌዳ ላይ የሚያነበው ቍጥር መጠነ ሙላት ነው፤ እርሱም በጋኑ ውስጥ ስላለው ጠላ እንጂ ስለ ጋኑ የሚናገር አይደለም። ጋኑ ሳይታጠብ ብዙ ዘመን አገልግሎ አተላው በውስጡ ቢጋገርበት፣ እስከ አፉ ሞልቶ የሚያየው ሰው የዛሬው ሙሉ ከቀድሞው ሙሉ ያነሰ መኾኑን ከውጭ ሊያውቅ አይችልም። እንዲሁም 60 ኪሎዋት ሰዓት ይይዝ የነበረ ባትሪ ዛሬ የሚይዘው 51 ብቻ ቢኾን፣ ሰሌዳው 100 በመቶ ሙላት እያሳየ ቀሪ ዐቅሙ 85 በመቶ ነው። ምሳሌው ከነገሩ ባሕርይ ብዙ አይርቅም፤ በሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጥ በአሉታዊው ጫፍ ገጽ ላይ የተፈጠረው ስስ ሽፋን ከዓመት ወደ ዓመት እየወፈረ፣ ኀይል ሊያመላልስ የሚገባውን ሊቲየም ከፊሉን አስሮ ያስቀረዋልና። ሙቀት፣ ባትሪውንም ዘወትር እስከ አፉ ሞልቶ ማቆየት፣ ይህን ድካም ያፋጥኑታል።

ልኬቱ የውል ቃል ለመኾን የበቃው በሙግት ነው። ኒሳን ሊፍ የተባለው የኤሌክትሪክ መኪና እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ለገበያ ሲቀርብ፣ የባትሪው ዋስትና የሥራ ጕድለትን እንጂ ቀስ በቀስ የሚመጣውን የዐቅም መቀነስ አይጨምርም ነበር። በ2012 በአሜሪካ፣ በአሪዞና በረሓ በፊኒክስ ከተማ ያሉ ባለመኪናዎች፣ በመኪናው ሰሌዳ ላይ ዐቅምን ከሚያመለክቱት 12 መሥመሮች ከፊሎቹ ያለ ጊዜያቸው ጠፍተው ስላዩ አቤቱታቸውን አሰሙ፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በ5 ዓመት ወይም በ60,000 ማይል ውስጥ መሥመሮቹ ከ9 ቢያንሱ ባትሪውን ሊጠግን ወይም ሊለውጥ ቃል ገባ። ዛሬ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎሜትር እስኪሞላ ድረስ ቀሪ ዐቅሙ ከ70 በመቶ እንዳይወርድ ዋስ ይኾናሉ፤ በ2022 በተባበሩት መንግሥታት ሥር የጸደቀው የባትሪ ደንብም ይህንኑ ወሰን ሲያጸና፣ ለ5 ዓመት ወይም ለ100,000 ኪሎሜትር ደግሞ 80 በመቶ ወስኗል።

ሊቃውንት ንባብን ከትርጓሜ እንደሚለዩ፣ በዚህም ነገር የኮምፒውተሩን ቍጥር ከእውነተኛው ልክ መለየት ያስፈልጋል። መኪናው ስለ ቀሪ ዐቅሙ የሚናገረው ግምቱን ነው፤ በተለይ በብረትና በፎስፌት የተሠራው ባትሪ ቮልቱ በሙላትና በጕድለት መካከል ብዙ ስለማይለዋወጥ ግምቱ ይስታል፤ አንዳንድ ፋብሪካዎችም አልፎ አልፎ እስከ 100 በመቶ እንዲሞላ የሚመክሩት ስለዚህ ነው። ይበልጥ የሚታመነው መንገድ ባትሪውን ባልተለዋወጠ ሙቀት ፈጽሞ አጕድሎ፣ እንደ ገና እየሞሉ የገባውን ኀይል መቍጠር ነው። ስለዚህ ዋስትና የሚጠይቅ ሰው ውሉ በየትኛው ልኬት እንደሚፈርድ አስቀድሞ ማንበብ ይገባዋል።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2024 መባቻ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ከታወጀ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ከእጅ ወደ እጅ መሸጡ አይቀርም። የፋብሪካው ዋስትና ግን ብዙ ጊዜ መኪናው በተሸጠበት አገር ወሰን የታጠረ ነው። እንግዲህ ዋሱ ባሕር ማዶ በቀረበት ገበያ፣ ሻጭ «ሙሉ ነው» ሲል ገዢ «ቀሪ ዐቅሙስ ስንት ነው? በምንስ ተለካ?» ብሎ ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይቍጠር።