ከፈረስ ጭራ እስከ ናይሎን፦ ከዛሪማ እስከ ጣና የማጥመጃ ክር ታሪክ

ስለ ዓሣ ማጥመድ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ለጀልባው፣ ለመንጠቆውና ለዘንጉ ብዙ ቦታ ሲሰጡ፣ ክሩን ግን እንደ ትንሽ ነገር ያልፉታል። ይሁንና አጥማጁ ዓሣውን አንድ በአንድ መርጦ የሚይዝ ወይም ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ የሚያወጣ መሆኑን የሚወስነው በእጁ ያለው ክር ከምን እንደተሠራና እንዴት እንደተዘረጋ ስለሆነ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ወንዞችና በጣና ሐይቅ በዓሣው ላይ የደረሰውን ለመረዳት የክሩን ታሪክ መከተል ግድ ይላል።

ከዳባት ተነሥቶ ደባርቅን የሚያልፈው መንገድ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር የማያንስ ከፍታ ካለው ደጋ በሊማሊሞ ገደል ተጠማዝዞ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። የዛሪማ ወንዝ ከሰሜን ተራሮች የሚወርደውን ውኃ ሰብስቦ ለተከዜ ይገብራል፤ ተከዜም ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ጋር ከተገናኘ በኋላ ዓባይን ይቀላቀላል። የዛሪማ ውኃ በዚህ መንገድ ከታችኛው ዓባይ ጋር ሲያያዝ፣ ከሊማሊሞ በስተደቡብ ያለው ጣና ግን 40 ሜትር ገደማ ቁመት ባለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ተቆርጦ የቀረ ነው። ይህ ልዩነት ኋላ ለሚነሣው ነገር ቁልፍ ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ወደ ጎንደር የገባው ተከዜን ተሻግሮ፣ በዛሪማ በኩል ሊማሊሞን ወጥቶ ነበር። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ግን ስለ ማጥመጃ ክር ሰፋ አድርጎ የጻፈው ስለ ላይኛው ግብፅ አጥማጆች ነው። እነዚህ ሰዎች ቢኒ የሚባለውን የዓባይ ዓሣ ለመያዝ ዱቄትና ማር ያለበት ትልቅ ሊጥ አቡክተው፣ በውስጡ ቴምር የተሰካባቸውን መንጠቆዎች ደብቀው፣ እያንዳንዱን መንጠቆ በየራሱ ጠንካራ ክር አስረው ወንዙ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር፤ የክሩ ሌላኛው ጫፍ ዳር ላይ ከተተከለ የዘንባባ ቅርንጫፍ ጋር ይታሰርና፣ ዓሣው ሲስብ ቅርንጫፉ ላይ ያለው ቃጭል ይጮኻል። ቢኒ በጣና ነጭ ዓሣ እየተባለ የሚጠራው ወገን የቅርብ ዘመድ ስለሆነ፣ የብሩስ መግለጫ ይህ የዓሣ ወገን በመንጠቆና በክር እንዴት ይያዝ እንደነበር የሚያሳይ ውድ ማስረጃ ነው። ከእርሱ በኋላ፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ፣ ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል የሰሜን ተራሮችን አቋርጦ ጎንደር ደርሷል፤ በርካታ የጣና ዓሦችንም ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንሳዊ ስም መዝግቧል። 

በዚያው ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ የማጥመጃ ክር ከፈረስ ጭራ ወደ ሐር እየተሸጋገረ ነበር። የፈረስ ጭራ ለጎንደር አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ የማሲንቆ አውታርም ሆነ የማሲንቆ ደጋን ክር የሚሠራው ከእርሱ ነው፤ በአውሮፓ ወንዞች ዳርም ለብዙ መቶ ዓመታት ዓሣ የተያዘው ተገምዶ በተቀጣጠለ ጭራ ነበር። ጭራው በዝንብ አምሳያ ለሚያጠምድ ሰው በተለይ ተስማሚ ነበር። የዝንብ አምሳያ ማለት መንጠቆው ላይ ላባና ፈትል ተጠቅልሎ ነፍሳት ወይም ትንሽ ዓሣ እንዲመስል የተሠራ ማታለያ ሲሆን፣ ከሌላው የማጥመጃ ስልት የሚለየው ማታለያው ራሱ ክብደት የሌለው መሆኑ ነው። በተለመደው አጠማመድ መንጠቆው አጠገብ የታሰረው እርሳስ ወይም ድንጋይ ክሩን ጎትቶ ይሄዳል፤ በዚህኛው ግን ክሩ በራሱ ክብደት ተወርውሮ ማታለያውን ይሸከመዋል። ስለዚህ የክሩ ምርጫ ለዚህ ስልት የሥራው እምብርት ነው።

ሐር ከጭራ ይልቅ ረጅምና ለስላሳ ቢሆንም፣ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በዘይት መታሸት፣ ከሥራ በኋላም ተዘርግቶ መድረቅ ነበረበት። የአሜሪካው ዱፖን ኩባንያ በ1930ዎቹ ናይሎንን ከፈጠረ በኋላ፣ ናይሎኑን በፕላስቲክ የለበጡ ክሮች ሐርን ተኩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያም የአሜሪካ የማጥመጃ መሣሪያ አምራቾች ማኅበር ክሮቹ ሁሉ የመጀመሪያ 30 ጫማቸው (9.1 ሜትር ያህል) ተመዝኖ በቁጥር እንዲለዩ ደነገገ፤ በዚህ መለኪያ 5 ቁጥር ክር 9.1 ግራም፣ 8 ቁጥር ደግሞ 13.6 ግራም ይመዝናል። ባስ ለሚባለው የሰሜን አሜሪካ አዳኝ ዓሣ አጥማጆች 8 ቁጥርን ያዘወትራሉ፤ ባስ ትልቅ ማታለያ ስለሚወድና ትልቅ ማታለያ ነፋስ ስለሚይዘው፣ ቀላል ክር ሊሸከመው አይችልም። ክብደቱ ወደ ፊተኛው ጫፍ የተሰበሰበ ክር ይመረጣል፤ ጥልቀት ለሌለው ውኃ ተንሳፋፊው፣ ለጥልቁ ሰጣሚው ይሆናል። ባስ በ1929 ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ ሐይቅ ገብቷል፤ ወደ ኢትዮጵያ ደግሞ በ1960ዎቹ ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቅቋል።

ጣና ግን አዳኝ ዓሣ ከውጭ የሚያስፈልገው ሐይቅ አይደለም። ነጭ ዓሣ የካርፕ ወገን ነው፤ ካርፕ ደግሞ መንጋጋው ላይ ጥርስ ስለሌለው ሌላ ዓሣ አድኖ መብላት የማይስማማው ፍጥረት ነው። ከፏፏቴው በላይ ተነጥሎ የቀረው የጣና ነጭ ዓሣ ግን ከ15 ያላነሱ ዝርያዎች ሆኖ ሲከፋፈል፣ ከእነዚህ 8 ያህሉ ዓሣ በል ሆነዋል። በዓለም ላይ የዚህ ወገን እንዲህ ያለ ስብስብ ሌላ አይታወቅም። እያሳደደ የሚይዝ ዓሣ ደግሞ በክር የተወረወረን ማታለያም ስለሚያሳድድ፣ የባስ ክር የተሠራለት ዓይነት ዓሣ ጎንደር አጠገብ ነበረ ማለት ነው።

ይሁንና በአካባቢው የገነነው መንጠቆና ክር አልነበረም። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ ሆነው በዳርቻው ሲያጠምዱ፣ በገባር ወንዞች ላይ ደግሞ ብርብራ ሰፊ ቦታ ነበረው። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ውኃው ውስጥ ሲበተን የዓሣውን አተነፋፈስ ያፍናል፤ የደነዘዘውና የሞተው ዓሣም ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ነጭ ዓሣ በክረምት፣ በተለይም በነሐሴና በመስከረም፣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ስለሚወጣ፣ ብርብራው እናቲቱን ከእንቁላሏ፣ ጫጩቱንም ከትልቁ ሳይለይ ያጠፋል። መንጠቆና ክር ይህን ማድረግ አይችሉም፤ አንድ ክር በአንድ ጊዜ የሚያወጣው አንድ ዓሣ ነው።

ናይሎን ወደ ጣና በብዛት የመጣውም መረብ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በመንግሥት፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በአንድ የኔዘርላንድ አብያተ ክርስቲያናት ድርጅት ትብብር በተጀመረው ፕሮግራም የሞተር ጀልባና ዘመናዊ የናይሎን መረብ ገባ፤ አጥማጁም ከዳርቻው ርቆ ወደ መካከለኛው ውኃና ወደ ወንዝ አፎች መድረስ ቻለ። የፕሮግራሙ ዓላማ ድሃውን አጥማጅ ማገዝና ለከተማው ገበያ ዓሣ ማቅረብ ስለነበረ ሊወቀስ አይገባም፤ ቆረሶንና አምባዛን የመሰሉ በፍጥነት የሚራቡ ዓሦችም ጫናውን በተሻለ ሁኔታ ተቋቁመዋል። በወንዝ አፍ ላይ ለእንቁላል የሚሰበሰበው ነጭ ዓሣ ግን አልቻለም፤ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በተደረገ ጥናት ክምችቱ በክብደት 75 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ታይቷል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ2003 ነው።

ወደ ዛሪማ ሲመለሱ ነገሩ የተለየ መልክ አለው። ለወልቃይት ስኳር ፕሮጀክት በዛሪማ ወንዝ ላይ የተጀመረው ግድብ የሚፈስሰውን ውኃ ወደ ሐይቅ የሚለውጥ ሲሆን፣ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በተፈጠረበት ሁሉ ዓሣ ማስገር ይከተላል፤ በዚያን ጊዜ የማጥመጃው ምርጫ አዲስ ጥያቄ ይሆናል። በዘንግና በክር ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰው በበጋ፣ ነጭ ዓሣው እንቁላሉን ጥሎ ከተመለሰና ውኃው ከጠራ በኋላ፣ በ8 ቁጥር ተንሳፋፊ ክር ከዳርቻው ሊሠራ ይችላል። ለገበያ የሚያመርተው ግን መረብ ማስፈለጉ አይቀርም፤ ለእርሱ የክሩ ውፍረት ሳይሆን የመረቡ ዓይን ስፋትና መረቡ ከወንዙ አፍ ምን ያህል ርቆ እንደሚጣል፣ እንዲሁም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ከውኃው መውጣቱ፣ የመጀመሪያው ጀልባ ሳይገባ መወሰን ያለባቸው ጉዳዮች ናቸው።