ርስትም ቋንቋም የነጠቀው ወረራ

የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን የያዘው ኦክቶበር 14 ቀን 1066 እ.ኤ.አ. ሄስቲንግስ አጠገብ በተደረገው ውጊያ ነው። ልጅ ያልነበረው ንጉሥ ኤድዋርድ በዚያው ዓመት መባቻ ሲሞት ዘውዱን ሃሮልድ ጎድዊንሰን ደፋ፤ ዊልያም ደግሞ ኤድዋርድ ቃል ገብቶልኛል ባይ ነበር። ሃሮልድ በሰሜን የኖርዌይን ንጉሥ ድል አድርጎ ሳያርፍ ወደ ደቡብ ገሰገሰ። እግረኛ ጦሩ ጋሻ ለጋሻ ገጥሞ ቀኑን ሙሉ ቢመክትም ምሽት ላይ ንጉሡና ሁለት ወንድሞቹ ወድቀው ነበር።

ዊልያም በገና ዕለት ዌስትሚንስተር ላይ ሲነግሥ ሕዝቡ ይሁንታውን በጩኸት ገለጸ። በር ላይ የቆሙት ኖርማን ዘበኞች ሁከት የተነሣ መስሏቸው በአካባቢው ያሉትን ቤቶች በእሳት አያያዙ። ገዥና ተገዥ ገና በመጀመሪያው ቀን አልተግባቡም።

ሰሜኑ ሲያምፅ የተወሰደው ቅጣት እጅግ የከፋ ነበር። ከ1069 እስከ 1070 ባለው ክረምት የንጉሡ ጦር እህሉን አቃጠለ፣ ከብቱን ፈጀ፤ ከሰይፍ የተረፈውን ረኃብ ጨረሰው። በ1086 በተደረገው ዱምስዴይ በተባለው የመሬትና የሀብት ቆጠራ እንኳ ብዙ የዮርክሻየር መንደሮች ጠፍ ተብለው ተመዝግበዋል። ይኸው መዝገብ የርስቱን ነጠቃም ያሳያል፤ ከንጉሡ በቀጥታ ሰፊ ርስት ከያዙት መካከል እንግሊዛውያኑ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አዲሶቹ ጌቶች መሬቱን የያዙት ለንጉሡ ፈረሰኛ ወታደር ሊያቀርቡ ነው፤ ግንቦቻቸውን የሠራላቸው ገበሬው ነው። በሌላ በኩል ከተቆጠረው ሕዝብ አንድ አሥረኛ ያህሉን የያዘው ባርነት በተከታዮቹ ትውልዶች ከስሟል፤ ይህም ሊዘነጋ አይገባም።

ቤተ መንግሥቱና ችሎቱ ፈረንሳይኛ ሲናገሩ ገበሬው በእንግሊዝኛው ጸና። የሁለቱ ኑሮ ዛሬም በቃላቱ ይታያል። በሬው ኦክስ፣ በጉም ሺፕ የሚባሉት በጥንቱ እንግሊዝኛ ነው፤ ሥጋቸው ግን ቢፍና መተን የተባለው ከፈረንሳይኛ ነው። ጃጅና ጁሪ የሚሉት የፍርድ ቤት ቃላትም የመጡት ከዚያው ነው። ሌኦፍሪክን የመሰሉ ስሞች እየጠፉ፣ ገበሬው ራሱ ልጁን ዊልያምና ሮበርት ይል ጀመር።

ተከራካሪ በእንግሊዝኛ እንዲሟገት የተደነገገው በ1362 ነው፤ ድንጋጌው ራሱ ግን በፈረንሳይኛ ተጻፈ። ፓርላማው ያወጣውን ሕግ ንጉሡ ማጽደቁ እስከ ዛሬ የሚነገረው በኖርማን ፈረንሳይኛ ነው።