አሶሳ በ1933 ዓ.ም.፤ የሩቅ አገር ጦርና የባላገሩ ጽናት

ኢትዮጵያ ከፋሺስት ኢጣልያ አገዛዝ ነጻ የወጣችበት ዘመን ሲታወስ የብዙ ሰው አሳብ አስቀድሞ ወደ ኦሜድላ፣ ወደ ጎጃም፣ ወደ ከረንና ወደ አምባ አላጌ ይሄዳል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አገራቸው የገቡበት በር ኦሜድላ፣ የጠላትም ዋና ኃይል የተሰበረበት ስፍራ ከረንና አምባ አላጌ ነውና። ነገር ግን በዚያው በ1933 ዓ.ም.፣ ከዐባይ በስተደቡብ በሚገኘው በቤኒሻንጉል ምድር ሌላ ዘመቻ ተካሂዶ ነበረ። አሶሳን ከኢጣልያኖች እጅ ካስለቀቁት ወታደሮች ብዙዎቹ ከኮንጎ የመጡ ነበሩ። ይህ ጦር በምን ምክንያት ወደዚያ እንደ መጣ፣ በማን ጫንቃ ላይ እንደ ቆመ፣ ያለፈበት አገር ሕዝብም ጦርነትን በምን ዘዴ ይችለው እንደ ነበረ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ቤኒሻንጉል ከጥንት ጀምሮ ሠራዊት ሲመላለስበት የኖረ አገር ነው። ስሙን በሩቅ ያስጠራው ወርቁ ነው፤ መከራውንም ያመጣበት ይኸው ወርቅ ነው። የግብጹ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1812 ዓ.ም. መጨረሻ ጦሩን ወደ ሱዳን የላከው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበረ፤ በ1831 ዓ.ም. ደግሞ የወርቁን ነገር በዐይኑ ለማየት ራሱ እስከ ፋዙግሊ ድረስ መጣ። ከግብጾች በኋላ የማኅዲ ተከታዮች ተተኩ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ዘምተው አገሩን ለኢትዮጵያ መንግሥት አስገበሩ። ከዚያ ወዲያ የአሶሳው ሼክ ኾጀሌ አል ሐሰን ሥልጣን ከሌሎቹ ሼኮች በላይ እየበረታ ሄደ፤ ግብሩም በወርቅ ይከፈል ነበረ። የባሪያ ንግድ ግን ወደ ሱዳንም ሆነ ወደ መሐል አገር ለብዙ ዓመታት አልተቋረጠም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ የተደረገው የወሰን ውል በበኩሉ የበርታን ሕዝብ በሁለት መንግሥታት መካከል ከፈለው፤ የኩርሙክ ሰው በሱዳን፣ የአሶሳ ዘመዱ በኢትዮጵያ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ለቤኒሻንጉል ባላገር የጦር መምጣት እንግዳ ነገር አልነበረም። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ የታወቀው መሸሸጊያው ድንጋያማው ኮረብታ ነበረ። ከ1873 እስከ 1875 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በዚያ አገር የተዘዋወረው ሆላንዳዊው መንገደኛ ዩዋን ማርያ ስኩቨር የጻፋቸው ማስታወሻዎች፣ የበርታ መንደሮች ሜዳውን ትተው በቋጥኝ መካከል ተጠግተው ይሠሩ እንደ ነበረ ያስረዳሉ። እርሻው ከታች፣ ቤቱ ከላይ ነው። ጎጆው የሚሠራው በአገሩ በብዛት ከሚበቅለው ቀርክሃ ስለ ሆነ፣ ቢቃጠል እንኳ ዳግመኛ ለማቆም ዕቃው ከዱር ይገኛል። ማሽላው በጎተራ ቢዘረፍ፣ የዱር ሥራሥርና ቅጠላቅጠል እስከ መጪው መኸር ያሻግራል። ሰው ከነቤተ ሰቡ መሰደድ ግድ ቢሆንበት፣ ከወሰኑ ማዶ ቋንቋውን የሚናገር ዘመድ አለው። ውሉ የቈረጠውን ዝምድና የመከራ ቀን ይቀጥለዋል። ጽናት ሲባል ጠመንጃ ይዞ መቆም ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ሥርዓት ሽሽት ይለው ይሆናል፤ ነገር ግን ግብጹንም፣ ማኅዲስቱንም፣ ባሪያ ፈንጋዩንም አሳልፎ ሕዝቡን እንደ ሕዝብ ያቆየው ይህ ሥርዓት ነው።

ኢጣልያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ፣ ወሩ ሳያልቅ ጦሯ ከሱዳን ጠረፍ ከሰላን፣ ገላባትንና ኩርሙክን ያዘ። ኩርሙክ ትንሽ የጠረፍ መንደር ብትሆንም ወደ ሮዜሬስና ወደ ዐባይ ሸለቆ የሚወስደውን መንገድ የምታይ በመሆኗ እንግሊዞችን ታሳስብ ነበረ። በዚያ ወራት ግን እንግሊዝ በሱዳን የነበራት ጦር እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ ረዳት አስፈለጋት።

ረዳቱም ካልታሰበ ስፍራ ተገኘ። ቤልጅግ በግንቦት 1932 ዓ.ም. በጀርመን ጦር ተይዛ ነበረ። ወደ ለንደን የተሰደደው መንግሥቷ ሊያዘምተው የሚችለው ዋና ሠራዊት፣ በገዥው በፒዬር ሪክማንስ ሥር ከተባባሪዎቹ መንግሥታት ጎን የቆመው የኮንጎ ጦር፣ ፎርስ ፑብሊክ የሚባለው ነበረ። ኅዳር 14 ቀን 1933 ዓ.ም. የቤልጅግ መንግሥት በኢጣልያ ላይ ጦርነት ዐወጀ፤ የኮንጎ ሻለቆችም በየብስና በነጭ ዐባይ ወደ ሱዳን ተጓዙ። መኰንኖቹ ቤልጅጎች፣ ወታደሮቹና ተሸካሚዎቹ ግን ኮንጎዎች ነበሩ። ቤልጅግ ከወረራው በፊት የክብር ዘበኛን የሚያሠለጥኑ መኰንኖች ለኢትዮጵያ ሰጥታ ስለ ነበረ ሁለቱ መንግሥታት አስቀድመው ይተዋወቃሉ፤ ኮንጎዎቹ ግን ስለ ዘመቻው የጠየቃቸው አልነበረም።

የካቲት 7 ቀን 1933 ዓ.ም. ከምሥራቅ አፍሪቃ ቅኝ ግዛቶች የተመለመሉት የእንግሊዝ ጥቁር ወታደሮች ኩርሙክን አስለቀቁ። መጋቢት 2 ቀን በሌፍተናንት ኮሎኔል ቫን ደር ሜርሽ የሚመራው የኮንጎ ጦር ከእነርሱ ጋራ ሆኖ አሶሳን ያዘ። በዚያው ወር ጋምቤላ ተያዘች፤ ዘመቻውም ወደ ሳዮ፣ ይኸውም ወደ ደምቢ ዶሎ ቀጠለ። ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ጄኔራል ፒዬትሮ ጋዜራ በዚያ ከነጦሩ ለሜጀር ጄኔራል ጊልያርት እጁን ሰጠ። ከእርሱ ጋራ የተማረኩት ጄኔራሎች ብዛት በጊዜው ብዙ ተወራ።

ለዚህ ድል የተከፈለው ዋጋ ግን ከጥይት ይልቅ በመንገድና በረኃብ የተከፈለ ነው። መኪና በማይደርስበት ምድር ስንቁና ጥይቱ በሰው ራስ ላይ ይሄዳል። ክረምቱ ሲገባ ሜዳው ጭቃ ሆነ፤ ምግብ ጎደለ፤ ተቅማጥና ቤሪ ቤሪ የሚባለው የምግብ ጉድለት በሽታ ሰፈሩን አጠቃው። በዚህ ዘመቻ የሞቱት የኮንጎ ተሸካሚዎች ቁጥር በውጊያ ከወደቁት የኮንጎ ወታደሮች ቁጥር እጅግ ይበልጣል። ጠመንጃ ያልያዘው ሰው ጠመንጃ ከያዘው ይልቅ ሞተ ማለት ነው። የጄኔራሎቹ ስም በታሪክ ሲጻፍ ተሸካሚዎቹ የሚታወሱት በቁጥር ብቻ ነው።

የባላገሩም ዕዳ ከዚህ የተለየ አይደለም። ዘመቻ የሚመቸው በበጋ፣ ወንዙ ሲጎድልና መንገዱ ሲደርቅ ነው፤ ያም ጊዜ የማሽላው መኸር ወደ ጎተራ ገብቶ የሚያልቅበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር የጦር ወራትና የጎተራ ወራት አንድ ናቸው። መጋቢት ላይ እህል፣ መንገድ መሪና ተሸካሚ የሚፈልግ ጦር ከመንደር ደጅ ሲደርስ፣ ባንዲራው የማንም ይሁን የማን፣ ለገበሬው የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ለግንቦት የሚዘራው ዘር ይተርፋል ወይስ አይተርፍም? ኢጣልያኖች ከአሶሳ መውጣታቸው እውነተኛ ነጻነት ነበረ። ሆኖም ነጻነቱን ያመጣው ራሱ ነጻ ያልነበረ ሕዝብ መሆኑ፣ ሸክሙንም የቻለው ሰው በድሉ በዓል አለመጠራቱ አብሮ ሊነገር የሚገባው እውነት ነው።

የሩቅ አገር እርዳታ በአንድ ወገን ብቻ የሚቆም አይደለም። ኮንጎ ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ብጥብጥ ሲነሣ፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ወደዚያ ሄዱ። ሌፍተናንት ጄኔራል ከበደ ገብሬም ከ1954 እስከ 1955 ዓ.ም. የዚያ ዓለም አቀፍ ጦር ዋና አዛዥ ሆኑ። በኮንጎ ዋና ከተማ በኪንሻሳ አሶሳ፣ ጋምቤላና ሳዮ የሚባሉ ጎዳናዎች አሉ። ስያሜው የቅኝ ገዥዎች መታሰቢያ ሆኖ ቢጀመርም፣ ከዚያ አገር ወጥተው ያልተመለሱት ሰዎች መታሰቢያም ሆኖ ይኖራል።

ኪንሻሳ የአሶሳን ስም በጎዳናዋ ስትጠራ፣ አሶሳም ከኮንጎ የመጡትን ተሸካሚዎች፣ ከኮረብታው ሆነው ጦር ሲያልፍ የጠበቁትንም ባላገሮች በታሪኳ ልትጠራቸው ይገባል። የ1933 ዓ.ም. ድል ሙሉ ታሪክ የሚሆነው ማን እጅ እንደ ሰጠ ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ተሸከመ፣ የማንስ ጎተራ እንደ ጎደለ አብሮ ሲጻፍ ነው።