“ሲያልቅ አያምር” እስከ መቼ? ቆሼን የመዝጋት ታሪክ ከመርካቶ ሲታይ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ ብላችሁ አንብቡት።

በአገራችን የፋብሪካ ምረቃ ትልቅ ነገር ነው። የመሠረት ድንጋይ ይጣላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ቴሌቪዥን ይቀርጻል። ያው ፋብሪካ ሲዘጋ ግን የሚጠራ እንግዳ የለም። በሩ ይቆለፋል፣ ዘበኛ ይቀመጣል፣ በቃ። እኛ የታሪክ መምህራንም ከዚህ ልማድ አላመለጥንም፤ “መቼ ተቋቋመ? ማን አቋቋመው?” እያልን እንፈትናለን እንጂ “እንዴት ተዘጋ? ሥሩ ምን ቀረ?” ብለን አንጠይቅም። “ሲያልቅ አያምር” እንላለን፣ እናልፋለን።

ዛሬ እስቲ የአንድ መዘጋት ታሪክ ላውጋችሁ። የቆሼን። ሁላችሁም የምታውቁት ይመስላችኋል፤ ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው የአንድ ምሽት ዜናውን ነው። እኔ አዲስ ከተማ ውስጥ ረጅም ዓመት ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ የማየው ከመርካቶ በኩል ነው።

መርካቶ የሚገባውና የሚወጣው

መርካቶን የምናውቃት በሚገባባት ዕቃ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ ሥር አንስቶ ወደ ምዕራብ ሲያዛውረው “የአገሬው ሰው ገበያ” ብሎ ነበር፤ አዲስ ከተማ የሚለውም ስም ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ጣሊያን ሄደ፣ ገበያው ቀረ፣ አደገ። በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ቦምብ ተራ እያልን ቆጥረን አንጨርሰውም።

የሚወጣውን ግን ማን ቆጠረው? ካርቶኑ፣ ፌስታሉ፣ የተቀደደው ጆንያ፣ የጫቱ ገረባ፣ የበሰበሰው ፍራፍሬ በየማታው ይጠረጋል፣ ይጫናል፣ ይሄዳል። ለብዙ አሥርት ዓመታት የሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው፦ በከተማው ደቡብ ምዕራብ፣ ረጲ፣ እኛ ቆሼ ወደምንለው።

መንገዱ ደግሞ የአንድ አቅጣጫ ብቻ አልነበረም። ቆሼ ላይ የሚለቅሙ ሰዎች ብረቱን፣ ጠርሙሱን፣ ፕላስቲኩን ለይተው ይሸጣሉ፤ ከዚያም በነጋዴ እጅ አልፎ ምናለሽ ተራ ይገባል። በየሰፈሩ “ቆራሌው!”፣ “ልዋጭ!” እያለ የሚዞረው ልጅም ጭነቱን የሚያራግፈው እዚያው ነው። ምናለሽ ተራ በርሜሉ ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፣ ጎማው ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል፣ ቆርቆሮው ተቀጥቅጦ ባልዲ ይሆናል። እንግዲህ መርካቶና ቆሼ አንድ ሰውነት ናቸው ብል አላጋነንኩም።

ከተማው የማይፈልገውን የሚያስቀምጥበት ጎን

ቆሼ ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው። ያኔ አካባቢው የከተማው ዳር ነበር። ከጣሊያን ወረራ በፊት የልዕልት ዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የተከፈተውም፣ ኋላም አለርት የተቋቋመው እዚያው አጠገብ ነው። ልብ በሉልኝ! ከተማው በዘመኑ አስተሳሰብ ከዓይኑ ሊያርቃቸው የፈለጋቸውን ሕሙማንና ሊያየው ያልፈለገውን ቆሻሻ በአንድ ጎን አስቀመጠ። ከየአገሩ ለሕክምና መጥተው እዚያው የቀሩ ሰዎች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ከቆሼ ጋር ጎረቤት ሆኑ። ብዙዎቹም ከዚያው እየለቀሙ ኖሩ።

ቦታው 36 ሄክታር ገደማ ነው። ሲከፈት የዘመኑ አሠራር “ገደል ፈልግ፣ ድፋ” ነበር። ከሥሩ ፈሳሹ ወደ መሬት እንዳይሰርግ የሚከለክል ንጣፍ አልተነጠፈም፤ ጋዙ የሚወጣበት ቧንቧም አልተቀበረም። “ሲሞላስ?” የሚለውን ጥያቄ የሚያነሣ አልነበረም። ያኔ በሌላውም ዓለም ብዙው ከተማ እንደዚሁ ነበር፤ ስለዚህ በ1956 ዓ.ም. ሰዎች ላይ አልፈርድም። የምፈርደው ከዚያ በኋላ በነበሩት አምሳ ዓመታት ላይ ነው። ከተማው አደገ፣ ቆሼን ከበበው፣ ዳር የነበረው መሐል ሆነ። ክምሩም ተራራ ሆነ።

ሥራ ሲቆም የማይቆመው ነገር

የመርካቶ ነጋዴ ሱቁን ሲዘጋ መዝጊያውን አውርዶ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። ውስጥ ያለው ጨርቅ ወይም ሳሙና እስኪመለስ ይጠብቀዋል። ቆሻሻ ግን አይጠብቅም።

በክምሩ ሆድ ውስጥ አየር የለም። አየር በሌለበት የሚበሰብስ ምግብና ቅጠል ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ይቃጠላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ዝናቡ ከላይ ሲገባ በባትሪው፣ በቀለሙ፣ በመድኃኒቱ መካከል አልፎ ጥቁር ፈሳሽ ሆኖ ከሥር ይወጣል። ያ ፈሳሽ ቁልቁለቱን ተከትሎ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ያመራል። በአቃቂ ውኃ ጎመንና ሰላጣ እንደሚለማ፣ ያም ተመልሶ እኛው ማዕድ ላይ እንደሚቀርብ ታውቃላችሁ። “ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ” የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ ዛሬ መኪና መድፋቱን ቢያቆም ጋዙም ፈሳሹም ለአሥርት ዓመታት ይቀጥላሉ። አዲስ አፈር መልበስ፣ ቁልቁለቱን ማለዘብ፣ ጋዙን ማስተንፈስ፣ ፈሳሹን ማጥለል፣ ውኃውን በየጊዜው መመርመር ያስፈልጋል። መዝጋት ማለት ይኸ ነው፤ ራሱን የቻለ ሥራ፣ ራሱን የቻለ በጀት።

ሰንዳፋ፦ ያልዘለቀው መፍትሔ

ቆሼን ለመዝጋት ሐሳብ አልጠፋም። በፈረንሳይ የልማት ድርጅት የገንዘብ ድጋፍ ሰንዳፋ አካባቢ ዘመናዊ የደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ ተሠራ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። አዲስ አበባ እፎይ አለች።

የሰንዳፋ ገበሬዎች ግን እፎይ አላሉም። ሽታው፣ ዝንቡ፣ ለከብቶቻቸው ውኃ የነበራቸው ስጋት አስቆጣቸው። ነገሩን በእነሱ ዓይን እዩት፦ የማያውቁት ከተማ ጥራጊ በየቀኑ ደጃቸው ይራገፋል። ቀድሞ ያማከራቸው፣ የተስማሙበትስ ነገር ነበር ወይ? በዚያው ዓመት ክረምት ተቃውሞው በረታ፣ ማስወገጃው ተዘጋ። መኪኖቹም ፊታቸውን አዙረው ወደ ቆሼ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሊዘጋ የነበረ፣ ሞልቶ የተረፈ ክምር ላይ እንደገና መድፋት ተጀመረ። ከጎኑ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ እየተገነባ ነበር። ከሥሩ ደግሞ ሰው ይኖር ነበር፤ በጭቃ ቤት፣ በላስቲክ ቤት፣ ከነልጆቹ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.

ቅዳሜ ምሽት ነበር። ክምሩ ተንሸራተተ፣ ቤቶቹን ዋጣቸው። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ። ምክንያቱን ነዋሪው በፋብሪካው ግንባታ ዶዘር አመካኘ፣ ባለሥልጣናት ቆሻሻውን በሚቆፍሩ ለቃሚዎች አመካኙ። ለእኔ ግን የታሪኩ ሥር ከዚያ ምሽት በፊት ነው። ቆሼ የተናደው ሊዘጋ ሲገባው ስላልተዘጋ፣ የተዘጋ ሲመስልም ተመልሶ ስለተከፈተ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። በማኒላ የፓያታስ የቆሻሻ ተራራ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2000 ከከባድ ዝናብ በኋላ ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ፊሊፒንስ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ሕግ አወጣች፤ ፓያታስ ለመጨረሻ ጊዜ የተዘጋው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በዚያው 2017፣ ከቆሼ አንድ ወር በኋላ፣ በኮሎምቦ ሜቶታሙላ የሚባለው ክምር ተንዶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሦስቱም ሟቾች ድሆች ናቸው፤ ከሥሩ የሚኖሩ፣ ከሱው የሚበሉ።

በሌላ በኩል የኒውዮርክን ፍሬሽ ኪልስ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1948 ተከፈተ፣ በ2001 መጣል አቆመ። ከዚያ ወዲህ ይሸፈናል፣ ጋዙ ይሰበሰባል፣ ፈሳሹ ይጣራል፤ ቀስ በቀስም መናፈሻ እየሆነ ነው፤ ሥራው እስከ 2036 ድረስ ታቅዷል። በአሜሪካ ሕግ የቆሻሻ ማስወገጃ ከተዘጋ በኋላ በመደበኛነት የ30 ዓመት ክትትል ይጠበቅበታል፤ ባለቤቱም ለዚያ የሚሆን ገንዘብ እንዳለው አስቀድሞ ማሳየት አለበት። ልዩነቱ ሀብት ብቻ አይደለም። የመዝጊያው ሒሳብ ቀድሞ መታሰቡ ነው።

ከዚያ በኋላ የተሠራው

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ከአደጋው በኋላ ሥራ ተሠርቷል። በጃፓን መንግሥት ድጋፍና በዩኤን ሀቢታት በኩል የፉኩኦካ ዘዴ የሚባለው ቆሼ ላይ ተሞክሯል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲና በፉኩኦካ ከተማ የተፈተነ ነው፦ ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች ከሥር ይዘረጋሉ፤ ፈሳሹ በነሱ ይወጣል፣ አየር በነሱ ይገባል። አየር ሲገባ ሚቴኑ ይቀንሳል፣ ክምሩም ቶሎ ይረጋል። ቁልቁለቱንም ማለዘብ አብሮ ይሠራል። ዘዴው ውድ ማሽን አይጠይቅም።

ረጲ የሚገኘው ኃይል ማመንጫም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ። ጥሩ ነው። ግን የሚያቃጥል ፋብሪካ አመድ አለው፤ ከጭስ ማጣሪያው የሚሰበሰበው ደቃቅ አመድ ደግሞ መርዛማ ነው። ይህ ፋብሪካም አንድ ቀን ያረጃል። ያኔ ማን፣ በምን ገንዘብ፣ እንዴት አድርጎ ይዘጋዋል? ጥያቄው የሚነሣው ዛሬ ነው እንጂ ያኔ አይደለም።

ምናለሽ ተራ የማትችለው ነገር

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። አሮጌ ፋብሪካ ሲፈርስ ብረቱ፣ በርሜሉ፣ ሽቦው ገዢ ፍለጋ ወደ መርካቶ ይመጣል። ይህ በራሱ በጎ ነገር ነው፤ ምናለሽ ተራ ባትኖር ቆሼ እጥፍ ይሆን ነበር። ግን የምናለሽ ተራ ጥበብ ቅርጽ መለወጥ ነው፤ መርዝ መለወጥ አይችልም። የፀረ ተባይ በርሜል ታጥቦ የውኃ በርሜል ሲሆን መርዙ አብሮ ቤት ይገባል። የአሮጌ ትራንስፎርመር ዘይት ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል ሊኖርበት ይችላል። የአሮጌ ክዳን አስቤስቶስ ሲሰበር ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። የባትሪ እርሳስ በጓሮ ሲቀልጥ የሚጎዳው መጀመሪያ የቀላጩን ልጅ ነው።

መርዝን በእውነት ማስወገድ ምን እንደሚጠይቅ አገራችን አንዴ አይታዋለች። ለአንበጣ፣ ለወባ፣ ለሰብል ተባይ እየተባለ ለአሥርት ዓመታት የገባ ፀረ ተባይ ጊዜው አልፎበት በየመጋዘኑ ይንጠባጠብ ነበር። በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አስተባባሪነት፣ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት፣ ከሺህ ቶን በላይ የሚሆነው ተለቅሞ፣ እንደገና ታሽጎ፣ በመርከብ ፊንላንድ ድረስ ተወስዶ ተቃጠለ። አስቡት! ሲገባ በመኪና ተጭኖ ገባ፤ ለመውጣት ግን የብዙ አገር ገንዘብና ዓመታት ፈጀ።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅም አሉ። የማዕድን አዋጁ (ቁጥር 678/2002) እንዲያውም ባለፈቃዱ መሬቱን መልሶ ለማዳን የሚውል ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል። ለማዕድን የታሰበው ለቆዳ ፋብሪካው፣ ለቀለም ፋብሪካው፣ ለነዳጅ ማደያው የማይታሰብበት ምክንያት አይታየኝም።

ከተማችን አሁን በየቦታው እየፈረሰች እየተሠራች ነው። ከእናንተ ከተማሪዎቼ መካከል መሐንዲስ አለ፣ የወረዳ ሹም አለ፣ ብረት ነጋዴ አለ። አሮጌ ፋብሪካ ወይም መጋዘን ሲፈርስ ካያችሁ አራት ነገር ጠይቁ፦

1. ከማፍረሱ በፊት ውስጡ ያለው ዘይት፣ አሲድ፣ ኬሚካል ተቆጥሯል? የት ሄደ?
2. አፈሩና የጉድጓድ ውኃው ተመርምሯል? ነገ እዚያ ላይ ትምህርት ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ሊሠራ ይችላል።
3. በቦታው ይተዳደር የነበረው ሰው፣ ሠራተኛውም ለቃሚውም፣ ወዴት ይሂድ ተባለ? አዲስ ቦታ ከተመረጠስ የዚያ አገር ሰው ተጠይቋል?
4. ከተዘጋ በኋላ የሚከታተለው ማን ነው? ለስንት ዓመት? በማን ገንዘብ?

ብረት ገዢ ለሆናችሁት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ ምን እንደያዘ የማታውቁትን በርሜል ለውኃ መያዣ አትሽጡ። ሁለት መቶ ብር ለማትረፍ የሰው ቤት መርዝ አታስገቡ።

የቆሼ ሟቾች ስንከፍት እንጂ ስንዘጋ ማቀድ ባለመልመዳችን የሞቱ ናቸው። መታሰቢያቸውም ለእኔ ሐውልት ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥለው ፋብሪካ ሪባን ሲቆረጥ “መዝጊያውስ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ነው።

በየሰፈራችሁ ተዘግቶ የቀረ ፋብሪካ ወይም መጋዘን ካለ፣ ቦታው ዛሬ ምን እንደሆነ በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። ከትዝታችሁ ብዙ እማራለሁ።

ቸር እንሰንብት።