«ባለበት ሁኔታ» የሚሸጥ መኪና እና የዑስማን (ረ.ዐ) ፍርድ



ያገለገለ መኪና በኦንላይን ጨረታ ሲሸጥ ገዢው የሚያየው ፎቶና አጭር መግለጫ ነው። ብዙ ጊዜ ከግርጌው «የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ጽሑፍ ሻጩን ከተጠያቂነት ነፃ ያወጣዋልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ከ1300 ዓመት በላይ በፊት በሶሓቦች ዘመን ተነስቷል።

ጨረታ በራሱ የተፈቀደ ነው። አነስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአንድ ችግረኛ አንሷር ምንጣፍና የውሃ መጠጫ፣ ማን እንደሚጨምር እየጠየቁ ሸጠውለታል፤ አንዱ 1 ዲርሀም ሲል ሌላው በ2 ዲርሀም ወሰደው። የከለከሉት «ነጅሽ»ን ነው፤ ይኸውም ለመግዛት ሳይፈልጉ ዋጋ ማናር። ዛሬ በጓደኛው አካውንት ገብቶ በራሱ መኪና ላይ ዋጋ የሚጨምር ሻጭ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ኢማም ማሊክ በ«ሙወጠእ» እንዳሰፈሩት፣ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በዘመኑ ልማድ አንድ ባሪያ በ800 ዲርሀም ሸጡ፤ ለጉድለቱም ተጠያቂ እንዳይሆኑ ተዋውለው ነበር። በኋላ ገዢው ያልተነገረኝ በሽታ አለበት ብሎ ተከራከረ። ነገሩ ለኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ) ቀረበ። እሳቸውም ውል አለ ብለው ገዢውን አላሰናበቱም፤ ኢብኑ ዑመር ሲሸጡ በሽታውን እንደማያውቁ እንዲምሉ ፈረዱ። ኢብኑ ዑመር አልምልም ብለው ባሪያውን መልሰው ተረከቡ። እሱም ዳነ፤ በ1,500 ዲርሀም ሸጡት።

የፊቅህ ሊቃውንት እንዲህ ያለ ውል እስከ ምን ድረስ እንደሚሠራ ተለያይተዋል። ጉድለትን እያወቁ መደበቅ ማጭበርበር መሆኑ ላይ ግን አልተለያዩም። ስለዚህ መኪናው ተጋጭቶ ከነበረ፣ ሞተሩ ወርዶ ከነበረ፣ ኪሎሜትሩ ተቀንሶ ከሆነ በመግለጫው ላይ ይጻፍ።

ገዢም አደብ አለው። የጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ወኪል ፈረስ በ300 ዲርሀም ገዛላቸው፤ እሳቸው ግን ፈረሱ ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ ለሻጩ ነግረው እስከ 800 ከፈሉ። እኛ እዚህ ደረጃ ባንደርስ እንኳ፣ ጨረታውን ካሸነፍን በኋላ ዋጋ ለማስቀነስ የሌለ ጉድለት አንፍጠር። መካኒክ ማሳየት ከመጫረት በፊት ነው።

ከዚያ ፎቶ ጀርባ የአንድ ሰው የዓመታት ቁጠባ አለ። መኪናህን ለጨረታ ከማውጣትህ በፊት ራስህን ጠይቅ፦ ዑስማን ፊት ብቆም ከጻፍኩት ሌላ ጉድለት አላውቅም ብዬ መማል እችላለሁ?

ወላሁ አዕለም።